ለልጅዎ የቤዝቦል ጀግናውን ፊርማ ለማግኘት

ልጅዎ ቀን ከሌት ስለ ሾሄይ ኦታኒ ወይም ስለ አሮን ጃጅ የሚያወራ ከሆነ፣ በኳስ ላይ የተፈረመ ስም ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥበታል። ጥሩው ሰዓት ከጨዋታው በፊት ነው። የስታዲየሙ በር እንደተከፈተ ይግቡና ተጫዋቾቹ ከሚቀመጡበት ዳግአውት አጠገብ ወዳለው አጥር ይውረዱ። በልምምድ ሰዓት ባለሜዳው ቡድን ቀድሞ ይመታል፤ ስለዚህ በሩ ሲከፈት ሜዳው ላይ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ እንግዳውን ቡድን ነው። የዕለቱን ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) አብዛኛውን ጊዜ አይፈርምም። ኦታኒም ፒቸር ስለሆነ ተራውን አስቀድመው ይዩ።

በእስክሪብቶው ምርጫ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ለኳስ የሚሆነው ተራ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ማርከር ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን ቀለሙ ወደ ቆዳው እየሰረገ ከዓመታት በኋላ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ። እሱን ለካርድና ለፎቶ ያቆዩት። እስክሪብቶው እንዳይነጥፍ ወረቀት ላይ ይሞክሩት፤ ብርድ ከሆነ በውስጥ ኪስ ይያዙት።

ኳሱ 108 ድርብ ስፌት አለው። ሁለቱ የስፌት መስመሮች በጣም የሚቀራረቡበት ጠባብ ቦታ ለፊርማ ተመራጭ ነው። ልጁ ያንን ወደ ላይ አዙሮ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ ተጫዋቹን በስሙ ጠርቶ በትህትና ያቀብል። እርስዎ ከኋላ ይቁሙ፤ ተጫዋቾች ከአዋቂ ይልቅ ለልጅ ይቆማሉ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ፊርማውን አይንኩት። ቫርኒሽ አይቀቡት፣ ቢጫ ያደርገዋል። ፀሐይም ያደበዝዘዋል፤ ከመስኮት አርቀው በፕላስቲክ ሳጥን ያስቀምጡት። ለመጫወቻ ሌላ ኳስ ይግዙለት።