ለአዲስ መካኒክ፦ ጥሩ የእጅ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

ጋራዥ የገባ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን ሲይዝ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተከፍቶ በሚታየው ትልቅ የመፍቻ ሣጥን ላይ ነው። ከመቶ በላይ ዕቃ አለው። ሁሉም ያብረቀርቃል። ዋጋውም የሚደፈር ይመስላል። እኔ ግን ያንን ሣጥን አትግዙ እላለሁ። ከውስጡ ግማሹን ዓመቱን ሙሉ አትነኩትም። በየቀኑ የምትነኩት ደግሞ ወር ሳይሞላው አፉ ይሰፋል። በዚያው ገንዘብ ጥቂት፣ ግን የሚታመን ዕቃ መግዛት ይቻላል።

መጥፎ ቁልፍ ገንዘባችሁን በልቶ ብቻ አይቀርም። የደንበኛውን ብሎን ይበላል። ራሱ የተበላ ብሎን ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው፦ በመሮ መምታት፣ ዳዶ በይዶ ማውጣት፣ ካልሆነም መሰርሰር። የ10 ደቂቃ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የዚያን ግማሽ ቀን ዋጋ ማንም አይከፍላችሁም። ደንበኛውም ቆሞ ያያል።

1. መጀመሪያ ሥራችሁን እወቁ

ጅማ ላይ አንዱ ጋራዥ ከሌላው ይለያል። ባጃጅ የሚበዛበት አለ። ቪትዝ፣ ኮሮላና ሃይሉክስ የሚበዛበት አለ። ቡናው ሲደርስ ደግሞ ከአጋሮና ከሊሙ በኩል ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ የሚያጨናንቀው አለ። እነዚህ የጭነት መኪኖች አዲስ አበባ የሚደርሱት የጊቤን ቁልቁለት ወርደው፣ መልሰው ዳገቱን ወጥተው ነው። እነሱ ባሉበት የፍሬን ሥራ አይጠፋም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዙ። የፈታችሁትን ብሎንና ዳዶ ቁጥር፣ ማለትም ቁልፉ የሚይዘውን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁሉ ጻፉ። ሁለት ሳምንት ይበቃል። አራት አምስት ቁጥሮች ደጋግመው ሲመጡ ታያላችሁ። ቶዮታ የሚበዛበት ቤት ከሆነ 10፣ 12፣ 14 እና 17 መሆናቸው አይቀርም። የትንንሾቹ ቶዮታዎች የጎማ ዳዶ ደግሞ 21 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጃፓኖች 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ብሎን ብዙ ጊዜ 12 ራስ ይሰጡታል። አውሮፓውያን 13 ይሰጡታል። ቶዮታ ብቻ የሚሠራ ሰው 13 ቁልፉ ሣጥን ውስጥ ይተኛል። የአውሮፓ መኪና የሚነካ ሰው ግን ያለ 13 አንድ እርምጃ አይሄድም። «ሙሉ ሴት» የሚባለው የዕቃ ስብስብ ይህን አይለይላችሁም። ደብተራችሁ ይለየዋል።

እስከዚያው ከነባሮቹ መዋስ ነውር አይደለም። ወጉን ማወቅ ግን ግድ ነው። ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ጠርጋችሁ መልሱ፣ በዚያው ቀን መልሱ። ደጋግማችሁ የምትዋሱት ዕቃ የሚቀጥለው ግዢያችሁ ነው ማለት ነው።

2. በቅደም ተከተል ግዙ

መጀመሪያ ቁልፍ። አንድ ጫፉ ክፍት፣ ሌላው ጫፉ ቀለበት የሆነውን ከ8 እስከ 19 ያዙ። ለመፍታትና ለማጥበቅ ቀለበቱን፣ የላላውን ቶሎ ለማዞር ክፍቱን ተጠቀሙ። እየሰፋና እየጠበበ የሚሄደውን ቁልፍ ለመኪና ብሎን አታምጡት። መንጋጋው ይላወሳል፣ ብሎን ይበላል።

ቀጥሎ ቡሶላና ራቼት። ቡሶላ የብሎኑን ራስ የሚውጠው ጽዋ መሰል ቁራጭ ነው፤ ራቼት ደግሞ እሱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ እጀታ ነው። ለትንንሽ መኪና ሞተር ቡሶላው የሚሰካበት አራት ማዕዘን ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሆነው ይመቻል፤ ጠባብ ቦታ ይገባል። ለጎማ፣ ለእግር ሥራና ለአይሱዙ ግማሽ ኢንቹ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በአንዴ መግዛት ካልቻላችሁ ደብተራችሁን እዩና ወስኑ።

ቡሶላ ስትመርጡ ባለ 6 ማዕዘኑን ያዙ። ይህንን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ባለ 12 ማዕዘኑ ብሎኑን የሚይዘው ጠርዙ አጠገብ ነው። አዲስና ንጹሕ ብሎን ላይ ችግር የለውም። ጅማ የሚመጣው መኪና ግን ከገጠር መንገድ ነው። ጭቃ የጠጣ፣ የዛገ፣ ዓመታት ያልተፈታ ብሎን ነው የሚጠብቃችሁ። እንዲህ ያለው ብሎን ጠርዙ ቀድሞ ሳስቷል። ባለ 6 ማዕዘኑ የብሎኑን ጎን በሰፊው ስለሚደገፍ ሳይሾልክ ይፈታዋል። ከመፍታታችሁ በፊት በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀቡና ጥቂት ጠብቁ። ቡሶላውን እስከ ታች ካስገባችሁ በኋላ ነው ኃይል የሚጨመረው።

ከራቼቱ ጋር ረጅሙን፣ ጥርስ የሌለውን እጀታ አብራችሁ ግዙ። የከረረ ብሎን የሚላላው በእሱ ነው። ራቼት ላይ ቱቦ ሰክቶ መንጠልጠል የራቼቱን ጥርስ ያረግፋል፤ ከዚያም በላይ በድንገት ሲለቅ እጅ ይሰብራል።

በአየር ወይም በባትሪ ለሚሠራ መፍቻ ጥቁሩና ወፍራሙ ቡሶላ ብቻ ነው የሚሆነው። ብዙ ጊዜ ከክሮም ሞሊብዴነም ብረት ይሠራል፤ ምትን ይችላል። የሚያብረቀርቀው የእጅ ቡሶላ እዚያ ላይ ሲገባ ሊፈነዳና ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና አለን ቁልፍ ይከተላሉ። ስለ መዶሻ ብዙ የምለው የለኝም፤ ራሱ ከእጀታው የማይነቃነቅ ይሁን።

3. ሱቅ ውስጥ ፈትሹ

ሱቅ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ንጹሕ የሆኑ 10፣ 12 እና 14 ብሎኖች ከነዳዷቸው ኪሳችሁ ክተቱ። የስልካችሁ ባትሪ ይሙላ፤ መብራቱ ያስፈልጋችኋል። ባለሱቁ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ቁልፉን ብሎኑ ላይ ሰክታችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ትንሽ መላወስ የግድ ነው፤ ያለዚያ አይገባም። ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ግን መልሱት። ክፍቱን ጫፍ ወደ መብራት አቅኑና ሁለቱን መንጋጋዎች እዩ። ትይዩ መሆን አለባቸው። ወደ አፉ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ኃይል ስትጨምሩ ይሾልካል።

ጣታችሁን በዳርና ዳሩ ላይ ቀስ ብላችሁ አሂዱ። የሚቧጭር ጠርዝ፣ ውስጡ አየር እንዳለው የተነፋ ቅብ፣ የተላጠ ቦታ ካገኛችሁ ተዉት። የተላጠ የክሮም ቅብ እንደ ምላጭ ነው፤ መዳፍ ይቀድዳል።

ቁጥሩና የአምራቹ ስም ብረቱ ውስጥ የተመታ ወይም በሚገባ የተቀረጸ መሆኑን እዩ። በቀለም የታተመ ወይም የተለጠፈ ብቻ ከሆነ ጠርጥሩ። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጥሩ ቁልፍ የሚሠራበት ብረት ስም ነው፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ይልቅ የቡሶላውን ቀዳዳ ከላይ ሆናችሁ እዩት። የግድግዳው ውፍረት ዙሪያውን እኩል ነው? ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ያደላ ከሆነ ቀጭኑ ጎን ቀድሞ ይሰነጠቃል።

ራቼት ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቡሶላ ሰክታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ብሎን በግራ እጃችሁ ያዙ። ዳዶውን ላላ አድርጋችሁ በራቼቱ አጥብቁት፤ ከዚያ እጀታውን ወደ ኋላ መልሱ። ዳዶው ካለበት መቅረት አለበት። እጀታውን ተከትሎ ከተመለሰ ውስጡ ከባድ ነው ማለት ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ በጣት ይዛችሁ ካልረዳችሁት አይሠራላችሁም። የጥርሱንም ቁጥር ጠይቁ። ባለ 72 ጥርስ ራቼት 5 ዲግሪ ብቻ ስትመልሱት የሚቀጥለውን ጥርስ ይይዛል። ባለ 24 ጥርሱ 15 ዲግሪ ይፈልጋል። ሞተሩና ግድግዳው መሃል እጃችሁ ሲጣበቅ ይህ ልዩነት ይገባችኋል። ጥርሱ ሲያልቅ መለዋወጫው ይገኝ እንደሆነም ጠይቁ።

ፒንሳውን ገጥማችሁ ወደ መብራት ያዙት። በመቁረጫው ስለት መሃል ብርሃን ማለፍ የለበትም። ቀጭን ወረቀት ቁረጡበት፤ ካልቆረጠና ካጠፈው ሽቦም አይቆርጥላችሁም። መጋጠሚያው ደግሞ ጎን ለጎን መላወስ የለበትም።

ካቻቪቴ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የጃፓን መስቀል ብሎን ከተለመደው መስቀል ካቻቪቴ ጋር በትክክል አይገጥምም። በተለይ ሞተር ሳይክልና ካርቡሬተር ላይ ይታያል። አንዳንዶቹ ብሎኖች ራሳቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ምልክቷ እሷ ናት። የተለመደው ካቻቪቴ ሲጠነክርበት ወደ ላይ ይወጣና መስቀሉን ይልጠዋል። ለጃፓን ብሎን የተሠራውን ካገኛችሁ አንድ ሁለት ቁጥሩን ግዙ፤ ተራውንም ብሎን ያለችግር ይፈታል።

4. ስም ይረዳል፣ ግን አይበቃም

የጀርመኖቹ ሃዜት፣ ጌዶሬና ስታልቪለ፣ በፒንሳ ክኒፔክስ፣ የአሜሪካው ስናፕ ኦን፣ የጃፓኖቹ ኮኬንና ኬቲሲ በዓለም የታወቁ ናቸው። ለጀማሪ ኪስ ግን ይከብዳሉ። የታይዋኖቹ ኪንግ ቶኒና ቶፕቱል መሃል ላይ ያሉ ናቸው፤ ለሙያ ሥራ ይበቃሉ። እኔ ብሆን ቡሶላና ራቼት ከዚህ መሃለኛ ደረጃ እገዛለሁ። ለብሩሽ፣ ለማግኔት፣ ለብሎን ማስቀመጫ ሳህንና በዓመት አንዴ ለሚነካ ትልቅ ቁጥር ርካሹ ይበቃል።

ታዋቂ ስም በጣም በወረደ ዋጋ ካያችሁ ቁሙ። ፌክ ዕቃ ላይ የፊደል ስህተት፣ የደበዘዘ ምልክት፣ ከካርቶኑ ጋር የማይመሳሰል አርማ ይታያል። ደረሰኝ ተቀበሉ። ከተሰበረ ይቀየር እንደሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ «ይቀየራል» የሚለውንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉት።

ያገለገለ ዕቃም አትናቁ። ሙያውን የተወ መካኒክ የሚሸጠው አሮጌ የጀርመን ቁልፍ ከአዲሱ ርካሽ ይበልጣል። አዲስ አበባ ስትሄዱ ምናለሽ ተራን ብትዞሩ ዕድል ሊገጥማችሁ ይችላል። መንጋጋው ያልሰፋ፣ ያልተበየደ፣ በእሳት ያልተነካ ይሁን። ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚመስል ቀለም ያለው ብረት ሙቀት አግኝቶታል፤ ጥንካሬው ሄዷል።

5. እጅ የማይለካቸው ሁለት ሥራዎች

አንደኛው የፍሬን ቱቦ ነው። የቱቦው ዳዶ ለስላሳና ቀጭን ነው። በተራ ክፍት ቁልፍ ስትታገሉት ይበላል፣ ቱቦውም ይጠመዘዛል። ለዚህ የሚሆነው ቀለበቱ በአንድ በኩል የተከፈተ፣ ቱቦውን አሳልፎ ዳዶውን ከአምስት ጎን የሚይዝ ቁልፍ ነው። ብዙ የጃፓን መኪኖች 10 ቁጥሩን ይፈልጋሉ። ከእሱ ጀምሩ።

ሁለተኛው በቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ የሚሠራው ነው። ለቴስታታ (ለሞተሩ የላይ ክዳን)፣ ለጎማና ለሞተር ውስጥ ብሎን «በእጄ አውቀዋለሁ» አይሠራም። ለምሳሌ የኮሮላ የጎማ ዳዶ የማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ሲላላ ጎማ ያወልቃል፤ ሲበዛ ብሎኑን ይስባል፣ የፍሬን ዲስኩንም ያጣምማል። ቶርክ ሬንች ውድ ነው። ጋራዡ ውስጥ ዕቁብ ካላችሁ ዕጣው ሲደርሳችሁ ለእሱ አውሉት። ብሎን አትፍቱበት። ሥራው ሲያልቅ መለኪያውን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት፤ ዜሮ ላይ አታድርሱት። ወድቆ ከሆነ ልኩ ሳይረጋገጥ አትመኑት።

6. ከጅማ ዝናብ ጠብቁት

የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ እርጥበቱም አይለቅም። እርጥብ ሆኖ ሣጥን ውስጥ ያደረ ቁልፍ ዝገት ይጀምረዋል። ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ በሳምንት አንዴ በስሱ ዘይት አስነኩት። ካቻቪቴና ፒንሳ እጀታቸው ላይ ዘይት አይቅር፤ ያዳልጣል። ሣጥኑን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድሩ፤ ከሥሩ ጣውላ አድርጉ።

የራሳችሁን ምልክት ቅረጹበት፤ ቀለም በቤንዚን ይለቃል። እያንዳንዱ ዕቃ ቋሚ ቦታ ይኑረው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ቦታ ቦታውን እዩ። አንድ ቦታ ባዶ ከሆነ የሞተሩን ክፍል ከፍታችሁ ፈልጉ። እዚያ የተረሳ ቁልፍ ቺንጋ ወይም የራዲያተር ፋን ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ ዕቃው እስኪገኝ ሞተሩን ማንም እንዳያስነሳ ንገሩ።