ሪሂት ኮይል ክፍል ያሞቃል? ያሞቃል፣ የሚደርሰው አየር በጣም ካልቀዘቀዘ
ሜሪላንድ የምሠራበት ሕንፃ ላይ፣ ብርዱ ሲገባ የጥግ ቢሮዎች አልሞቅ አሉ። ሪሂት ኮይሉ፣ ማለትም ወደ ክፍሉ የሚገባውን አየር እንደገና የሚያሞቀው የሙቅ ውሃ ቱቦ፣ ሙቅ ውሃ ይደርሰዋል። ቫልቩም ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል።

ችግሩ አየር አቀዝቅዞ ወደ ክፍሎቹ ከሚልከው ዋናው ማሽን ነበር። የሞቃቱን ወራት እርጥበት አየሩን በማቀዝቀዝ እንዲያወጣ እንደተስተካከለ፣ አሁንም አየሩን በ13 ዲግሪ ይልካል። ኮይሉ 12 ዲግሪ ሲጨምርበት 25 ይሆናል። ክፍሉ 21 ላይ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ለማሞቅ የሚተርፈው 4 ዲግሪ ብቻ ነው! ሌላው ሙቀት የቀዘቀዘውን አየር ለመመለስ ያልቃል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ሁለቴ ነው የሚከፈልበት።

በብርድ ወራት አየሩ ደረቅ ስለሆነ፣ የሚላከውን ወደ 18 ከፍ አደረግነው። ከኮይሉ የሚወጣው ወደ 30 ተጠጋ፤ ቢሮዎቹም ሞቁ። ሰርቨር ያለባቸውን የመሀል ክፍሎች ግን ተከታተሉ፤ እነሱ በብርድም ቀዝቃዛ አየር ይፈልጋሉ።