ከጥይቱ በፊት አፈሙዙን እዩ

ፈቃድ ያለው አነስተኛ ካሊበር (የአፈሙዝ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ) ጠመንጃ በትእዛዝ ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ጥይት ከመምረጣችሁ በፊት አፈሙዙን ጠይቁ። እኛ ወሎዬዎች የጥይቱን ቁጥር እንጠይቃለን እንጂ፣ አፈሙዙ ውስጥ ያለው፣ አረሩን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ በስንት ኢንች አንድ ዙር እንደሚዞር ማን ይጠይቃል? ቁም ነገሩ ግን እዚያ ነው። 223 ሬሚንግተን በሚባለው የጥይት ዓይነት፣ በ12 ኢንች አንዴ ለሚዞር አፈሙዝ 55 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝነው አጭር አረር ይስማማዋል። 77 ግሬን የሚመዝነው ረጅሙ ግን በ8 ወይም በ7 ኢንች የሚዞር ይፈልጋል፤ አለዚያ አየር ላይ ይገለባበጣል። የወረቀት ዒላማችሁ ላይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ ካያችሁ አረሩ በጎኑ ገብቷል ማለት ነው።

የወታደራዊው ጥይት የ5.56 ናቶ ቀለህ ከ223 ጋር ስለሚመሳሰል መጉረሱ አያሳምናችሁ፤ ለ223 በተበጀ ጠመንጃ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል።

ደግሞ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ቆላ ላይ ያስተካከላችሁት ማነጣጠሪያ ደጋ ስትወጡ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በረጅም ርቀት ጥቂት ከፍ አድርጎ ይመታል። በ100 ሜትር ግን አትጨነቁበት።