ተማሪዎችን ይዞ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ለመሥራት

የሥዕል ክበብ የያዛችሁ መምህራን፣ ወይ ራሳችሁ ክበቡን የምትመሩ ተማሪዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ግድግዳ ተፈቅዶላችኋል እንበል፣ ሠላሳ የሚጠጋ ልጅ ተመዝግቧል፣ ከነሱ ውስጥ እጃቸው የፈታ አራት ወይ አምስት ናቸው፣ ሌላው "እኔ እንኳን መሳል አልችልም፣ ቀለም ላቀብል" ብሎ ነው የመጣው። ከዛ የሚሆነው ይታወቃል፣ አራቱ ይስላሉ ሌላው ቆሞ ያያል፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቆሞ የሚያየውም ይጠፋል። እኔ ለዚህ ያገኘሁት መላ ግሪድ ነው፣ ሥዕሉን በካሬ በካሬ ሸንሽኖ ለያንዳንዱ ልጅ የራሱን ካሬ መስጠት።

ከዛ በፊት ግን ግድግዳው ይታይ። እኔ መጀመሪያ ያሠራሁት ሥዕል አንድ ክረምት አልዘለቀም፣ ከታች ጀምሮ እያበጠ ተላጠ፣ ለካ ግድግዳው ውሃ ይስብ ነበር፣ ልጆቹ ያን ሁሉ ለፍተው እኔ ሳላጣራ ቀረሁ። አሁን የማደርገው፣ ግማሽ ሜትር የሚያህል ላስቲክ ቆርጬ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጥብቅ አድርጌ ግድግዳው ላይ እለጥፍና 24 ሰዓት እተወዋለሁ። ሲነሳ ከውስጥ በኩል ጠብታ ካለው ሌላ ግድግዳ ፈልጉ። እጃችሁን ደሞ አሹበት፣ ዱቄት ከያዘላችሁ ታጥቦ ደርቆ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ፣ ቀለሙን የሚያስይዝ) ይፈልጋል። በፊት የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ተቀብቶ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ካላደረጋችሁት የውሃ ቀለም ላዩ ላይ አይይዝም።

ሐሳቡን ለመምረጥ ረጅም ስብሰባ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ልጅ የክብሪት ሳጥን የምታክል ሦስት ንድፍ ይሥራ፣ ሁሉም ይለጠፍ፣ ስም ሳይጻፍበት ድምፅ ይሰጥ። የተከፈተ መጽሐፍ ላይ የበቀለ ዛፍ እና ዓለምን ያቀፉ ሁለት እጆች መምጣታቸው አይቀርም፣ እኔ በግልጽ "ይሄን ሁላችንም አይተነዋል" ብዬ አወጣቸዋለሁ። ከመጡልኝ ሁሉ የወደድኩት አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ሆና ያየችውን የሳለችው ነው፣ የጓደኞቿ ማጅራት፣ የሻርፕ ጠርዝ፣ ከጆሮ ጀርባ የተሰካ እስክሪብቶ።

ልኬቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኤ4 ወረቀት 29.7 በ21 ሳ.ሜ ነው፣ እና ንድፉን 28 በ20 አድርጋችሁ ብትሠሩት በትንሹ ጠርዝ ይተርፋችኋል፣ ይሄ አሥር እጥፍ ሲያድግ ግድግዳው ላይ 2.8 በ2 ሜትር ይሆናል። ንድፉ ላይ በየ2 ሳ.ሜ ካሰመራችሁ ወደ ጎን 14 ወደ ታች 10፣ በጠቅላላ 140 ካሬ፣ 28 ልጅ ካለ ለያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል። ግድግዳው ላይ አንዱ ካሬ 20 ሳ.ሜ ማለት ነው። ወደ ታች ቁጥር፣ ወደ ጎን ፊደል ስጡት፣ ግን እንደኔ ሀ ለ ሐ መ ብላችሁ እንዳትጀምሩ! አንዱ ከመሰላል ላይ "ሀ ሦስት!" ሲል ሌላው ሐ ሦስትን ቀብቶ ቁጭ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን አውጡና ሀ ለ መ ረ ሰ ሸ ቀ በ ተ ቸ ነ ኘ አ ከ በሉ፣ ልክ 14 ናቸው።

ግድግዳው ላይ ለማስመር ወለሉን አትመኑ፣ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ለቁሙ ቱንቢ፣ ለአግድሙ ውሃ ልክ ያዙ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማየት ከጥጉ በአንዱ መስመር 60፣ በሌላው 80 ሳ.ሜ ለኩና ሁለቱን ነጥቦች አገናኙ፣ ልክ 100 ከመጣ ጨርሳችኋል (የሒሳብ መምህሩ ይሄን ሲያይ ደስታው ሌላ ነው)። ከዛ ክር ጠመኔ አስነክታችሁ ሁለት ልጅ ወጥሮ ይያዝ፣ ሦስተኛው መሀሉን ሳብ አድርጎ ይልቀቅ፣ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። በማርከር አታስምሩ፣ ቀለሙን ሰብሮ ላይ ይወጣል።

ወደ ግድግዳ ከመውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወረቀት ላይ አሠሯቸው። ካሬዎቹን በታትናችሁ አድሉ፣ የአንድ ልጅ አምስቱ ካሬ ጎን ለጎን አይሁን፣ ሲበታተን ጎረቤቱ ይበዛል፣ ጠርዙ እንዲገጥም ከብዙ ልጅ ጋር መነጋገር ይገደዳል፣ የምንፈልገውም ይሄንኑ ነው። የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው፣ ጆሮ መሆኑን ካወቁ የሚያውቁትን ጆሮ ይስላሉ እንጂ ያለውን መስመር አያዩም። ስለዚህ ንድፉን ላዩን ወደ ታች አዙራችሁ፣ ቁልቁል ስጧቸው። ጥያቄው "ምንድነው?" መሆኑ ይቅርና መስመሩ በየትኛው ጠርዝ ነው የሚገባው፣ ሲሶው ላይ ነው ግማሹ ላይ፣ በየት ይወጣል ይሁን። መግቢያና መውጫው ላይ ነጥብ ያድርጉ፣ ከዛ ማገናኘት ብቻ ነው።

አንዱ ልጅ "የኔ ካሬ ባዶ ነው፣ ግራጫ ብቻ ነው፣ ቀይሩልኝ" ብሎ አኮረፈ። ጠጋ ብለን ስናየው ግራጫው አንድ አልነበረም፣ በግራ በኩል ጠቆር ብሎ ወደ ቀኝ እየፈዘዘ ይሄዳል፣ ከታች ደሞ ቀጭን የብርሃን መስመር አለችው። ቀለሙን አራት ጊዜ ደባልቆ ሠራት፣ ሁሉም ወለል ላይ ሲገጣጠም ያቺ ካሬ የአንገት ጥላ ሆና ጭንቅላቱን ከትከሻው ለየችው።

"ግሪድ ማጭበርበር ነው" የሚል አይጠፋም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ ጎበዞች አንዱ ነው። የጥንት ግብፃውያን የቆመ ሰው ሲስሉ ከእግር ጫማ እስከ ፀጉር መነሻ በ18 ካሬ ከፍለው ነበር፣ አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻክ ክሎዝ ደሞ የሰው ፊት ለይቶ ማስታወስ የሚከለክል ችግር እያለበት ከፎቶ በግሪድ እያነሳ ግዙፍ ፊቶችን ነው ሲስል የኖረው። ይሄን ንገሩትና ካሬውን ስጡት።

ቀለም ላይ፣ አንድን ቀለም ለሙሉው ሥዕል የሚበቃ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ደባልቁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ክዳኑ ላይ ራሱን ቀለሙን ቀቡበት፣ ነገ ያንኑ ቀለም ደግማችሁ አታመጡትም። የውሃ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ ጠቆር ይላል፣ እና ወረቀት ላይ ሞክራችሁ ደርቆ ሳታዩ አትወስኑ። ሁልጊዜ ጠቆር ያለውን ቀለም ወደ ነጣው በጠብታ ጨምሩ፣ ከገለበጣችሁት ባልዲ ሙሉ ነጭ ይበላችኋል። ጥላ ለማምጣት ወደ ጥቁር ቀለም አትሩጡ፣ ቢጫ ላይ ጥቁር ስትጨምሩ አረንጓዴ ነው የሚሆነው፣ ብርቱካናማን በትንሽ ሰማያዊ ማደብዘዝ ይሻላል። ከላይ ወደ ታች ሥሩ፣ መንጠባጠቡ አይቀርማ፣ ትልልቁን ቦታ አስቀድሙ ጥቃቅኑን ለመጨረሻ ተዉት። መሰላል ላይ አንድ ልጅ ብቻ፣ አንድ ልጅ ደሞ ሥር ይያዝ፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ነጥብ መስጠት ካለባችሁ ግድግዳውን ብቻ አይታችሁ አትስጡ፣ የወረቀት ካሬዎቹን ሰብስቡ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልጁ ምን እንደተማረ ያኔ ነው የሚታየው። የተረፈውን ቀለም ትንሽ ትንሽ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ አስቀሩ፣ ላዩ ላይ የካሬውን ስም ጻፉ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ኳስ ቀ8 ላይ ያርፋል፣ ያኔ የሚፈለገው ያቺ ጠርሙስ ናት።