ዳገት በሌለበት አገር ብስክሌት እንዴት ይነዳል? የሉዊዚያና የረግረግ መንገዶች

አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ድካምን የሚለካው በዳገት ነው። እንጦጦን የሞከረ እግር ሜዳ ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔም አሜሪካ ውስጥ ደቡብ ሉዊዚያና ስደርስ «ይሄማ ቀላል ነው» ብዬ ነበር የተነሳሁት። የግዛቲቱ ከፍተኛ ቦታ 163 ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ያለው በሰሜን በኩል ነው። ደቡቡ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ኒው ኦርሊንስ ከተማ በከፊል ከባሕር ወለል በታች ናት። ዳገት የለም፣ ቁልቁለትም የለም። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለት ከሌለ እግር የሚያርፍበት ቦታ የለም። ሁለት ሰዓት ከተነዳ ሁለቱም ሰዓት ፔዳል መምታት ነው።

ባዩ የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ አንዳንዴ የቆመ የሚመስል ውሃ ነው። ቃሉ ከቾክቶ ሕዝብ ቋንቋ በሉዊዚያና ፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ሂውስተን የምትኖሩ ወገኖች ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ ከተማችሁ ራሷ «የባዩ ከተማ» ትባላለችና። እዚያ ከባዩዎቹ ዳር የተሠሩት የእግርና የብስክሌት መንገዶች ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ከዚያ ወደ ሉዊዚያና ለመሻገር የግማሽ ቀን የመኪና መንገድ ይበቃል።

ወቅቱን ምረጡ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ይሻላል። በበጋቸው (በፈረንጆቹ ከጁን እስከ ኦገስት) ሙቀቱ በየቀኑ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ይህን አያውቀውም፤ አዲስ አበባ ላይ ጥላ ስር ከገቡ ወዲያው ይቀዘቅዛል። እዚያ ጥላውም ይሞቃል። በበጋ መንዳት ግድ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ይወርዳል። በሜዳ ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ የሚታየው ብስክሌት ነጂው ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፤ ዛፍ ስር አትጠለሉ።

ሀሪኬን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በእነዚህ ወራት የአየር ትንበያ ሳታዩ ቀጠሮ አትያዙ።

መንገዱን ምረጡ

ለጀማሪ የምመክረው የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትሎ በተሠራው የጎርፍ መከላከያ ግድብ ላይ ያለውን የአስፋልት መንገድ ነው። ኒው ኦርሊንስ ከኦዱበን ፓርክ አካባቢ ይነሳል። ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድና ቦኔ ካሬ የተባለው የጎርፍ ማስተንፈሻ ጋ ይደርሳል። ይህ ማስተንፈሻ በፈረንጆቹ ከ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ የተሠራ ሲሆን ያለቀው በ1931 ነው። ወንዙ ሲሞላ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ፖንቻርትሬን ሐይቅ ይለቀዋል። መንገዱ ላይ መኪና የለም። በአንድ በኩል ትልልቅ መርከቦች፣ በሌላ በኩል የቤቶች ጣሪያ ከታች ይታያል። ከተማው ከወንዙ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ የገባኝ እዚያ ላይ ሆኜ ነው።

ጥላ የሚወድ ሰው ታማኒ ትሬስን ይሞክር። ከሐይቁ በስተሰሜን፣ በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ ነው። ከኮቪንግተን ተነስቶ በአቢታ ስፕሪንግስና በማንዴቪል በኩል ወደ ስላይዴል ይሄዳል። ከመኪና ጋር መንዳት ለለመደ ደግሞ ከብሮ ብሪጅ እስከ ኒው አይቤሪያ ባዩ ቴሽ የተባለውን ውሃ የሚከተለው የገጠር መንገድ አለ። እዚያ መጠንቀቅ ያለባችሁ በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ነው። የሸንኮራ አገዳ ሲታጨድ ከባድ መኪኖች ይበዛሉ፣ ጭቃና አገዳ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል። በሐይቁ ላይ 38 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ኮዝዌይ ድልድይ ላይ ብስክሌት ክልክል ነው፤ ካርታ ላይ አጭር መስሎ እንዳያታልላችሁ።

ነፋሱን እንደ ዳገት ቁጠሩት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። በሜዳ አገር ዳገቱ ነፋስ ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ስትነዱ አብዛኛው ጉልበት የሚያልቀው አየሩን በመግፋት ነው። ነፋስ በሌለበት እንኳ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ አየሩን የሚገፋው ኃይል ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ከነፋስ ጋር ትግል መግጠም አያዋጣም።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚበረታ ስልካችሁ ላይ እዩ። ከዚያ መጀመሪያ ፊት ለፊት ግቡበት። ጉልበት እያለ ነፋሱን ተጋፍጦ፣ ሲደክም እየተገፉ መመለስ ይሻላል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነፋሱ ከኋላው ሆኖ ሲወጣ «ዛሬ ጠንክሬያለሁ» ይላል። መልሱ ላይ ግን ውሃውም ጉልበቱም ያልቃል። በወንዙ ግድብ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወንዙ ስለሚጠማዘዝ ፊት ለፊት የነበረው ነፋስ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ከጎን ይመጣል። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያውን ሳይሆን ትንፋሻችሁን ተከተሉ። እያወራችሁ መንዳት እስከቻላችሁ ድረስ ልክ ናችሁ።

ነፋሱ ሲበረታ ማርሹን አቅልሉ። እግር ከብዶት ቀስ ከሚል ቀሎት ቶሎ ቶሎ ቢዞር ይሻላል፤ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ጥሩ ነው። ክርናችሁን እጠፉ፣ ደረታችሁን ዝቅ አድርጉ። ጓደኛ ካለ ተራ በተራ ምሩ። ከኋላ የሚከተለው ሰው የጉልበቱን ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። የፊተኛው አንድ ሁለት ደቂቃ መርቶ ወደ ጎን ይወጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመሃላችሁ ቢያንስ የአንድ ጎማ ርቀት ይኑር። የሚመራው ሰው ድንገት ፍሬን አይያዝ፤ ጉድጓድ ካየ በእጁ ያሳይ። ይህን ግን እግረኛ በበዛበት መንገድ ላይ አታድርጉት። ልጅና ውሻ ባለበት ቦታ ተለያይቶ ቀስ ማለት ነው።

ዳገት ላይ ሰው ሳያስበው ከኮርቻው ይነሳል። ሜዳ ላይ ግን የሚያስነሳው ነገር ስለሌለ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይቀራል። መቀመጫ ይታመማል፣ እጅ ይደነዝዛል። በየ10 ደቂቃው ለጥቂት ሰከንድ ቁሙ፣ የእጃችሁንም አያያዝ ቀይሩ።

የምትይዙት

ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ለእነዚህ መንገዶች ይበቃል። ረግረግ መሃል ጎሚስታ የለም። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ጎማ ማውለቂያና ትንሽ ፖምፓ ያዙ፤ አቀያየሩንም ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ሄልሜት፣ የፊትና የኋላ መብራት ግዴታ አድርጋችሁ ያዙት። ለሙቀት ቀን በሰዓት አንድ ትልቅ የብስክሌት ጠርሙስ፣ ማለትም 750 ሚሊ ሊትር ያህል አስቡ። ውሃ ብቻ ግን አይበቃም፤ ከላብ ጋር ጨውም ይወጣል። ጨው ያለው መጠጥ ወይም ጨዋማ ምግብ ጨምሩ። ራስ ምታት ከጀመረ፣ ካዞራችሁ ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ ወዲያው አቁሙ። ጥላ ፈልጉ፣ ውሃ አናታችሁ ላይ አፍስሱ። የሚነዳው ሰው ግራ ከተጋባ ወይም ከወደቀ 911 ይደወል።

መንገድ ላይ

የሉዊዚያና ሕግ መኪና ብስክሌትን ሲያልፍ ቢያንስ 3 ጫማ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ያዛል። እናንተ በቀኝ በኩል ቀጥ ብላችሁ ንዱ፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ግን አትለጠፉ። የባቡር ሐዲድ ስትሻገሩ ጎማው ሐዲዱን በቀጥታ አቋርጦ ይለፍ፣ በሰያፍ አይሁን። ባዩ ላይ ያሉ አንዳንድ ተከፋች ድልድዮች ወለላቸው የብረት ፍርግርግ ነው። በዝናብ ሲርስ ያንሸራትታል። ወርዶ በእግር መሻገር ነውር የለውም።

አዞ ታያላችሁ። አሊጌተር የሚባለው ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ፀሐይ እየሞቀ ዝም ይላል። ራቁት፣ አትመግቡት፣ ለፎቶ አትጠጉት። መንገዱ ላይ ከተኛ እስኪሄድ ጠብቁ ወይም ተመለሱ። እኔን ይበልጥ ያስቸገሩኝ ግን ቀያይ ጉንዳኖች ናቸው። ጎማ ለመቀየር ሣር ላይ ከመቆማችሁ በፊት መሬቱን እዩ፤ የአፈር ቁልል ካለ የእነሱ ቤት ነው። ንክሻቸው ያቃጥላል፣ በማግስቱም መግል ይቋጥራል። ሲመሽ ትንኝ ይወጣል። ከዚያ በፊት መኪናችሁ ጋ ብትደርሱ ጥሩ ነው።

ለመጀመሪያ ቀን ከኦዱበን ፓርክ 15 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ተመለሱ። ወንበሮች ባሉበት አረፍ በሉ፣ መርከቦቹን እዩ፣ ነጭ ሳቢሳዎች ከውሃው ዳር ሲነሱ ጠብቁ። ቤት ስትገቡ ሰንሰለቱን በጨርቅ አድርቃችሁ ትንሽ ዘይት ቀቡት። በዚያ እርጥበት እስከ ጠዋት ካደረ ዝገት ይጀምረዋል።