ኤ.ኬ.ኤ ምን ማለት ነው፣ ፎርም ላይስ እንዴት ይሞላል

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች የፍርድ ቤት ወይ የኢሚግሬሽን ወረቀት ላይ ከስማችሁ ቀጥሎ ኤ.ኬ.ኤ የሚል አይታችሁ ከደነገጣችሁ አይዟችሁ፣ «በሌላ ስሙ እንዲህ የሚባለው» ማለት ብቻ ነው። አሊያስ የሚሉትም እሱኑ ነው፣ ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ብዙ ሰው አሊያስ ያለው ስሙን የደበቀ ወንጀለኛ ብቻ ይመስለዋል፣ እኛ ሀበሾች ግን ምንም ሳናጠፋ ሶስት አራት አሊያስ ይኖረናል፣ ምክንያቱም የቤተሰብ ስም የለንም፣ አንዱ ወረቀት የአባትን ስም ላስት ኔም ያደርገዋል ሌላው የአያትን፣ በቀለ አንዱ ጋ በኬ ሌላው ጋ በኪው ይጻፋል፣ የክርስትና ስም ደግሞ አለ፣ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ቪዛው ላይ ኤፍ.ኤን.ዩ ተብሎ ይመጣል፣ እሱ ስም አይደለም፣ «የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም» ማለት ነው።

እና እንዴት ይሞላል? መጀመሪያ ያላችሁን ወረቀት በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት፣ ፓስፖርት፣ የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት፣ የክርስትና ሰርተፊኬት። ከዛ እያንዳንዱን ስም ፊደል በፊደል እንደተጻፈው ገልብጡ፣ ተሳስቷል ብላችሁ እንዳታስተካክሉት! የዜግነት ፎርሙ ኤን-400 ከተወለዳችሁ ጀምሮ የተጠቀማችሁበትን ሌላ ስም ይጠይቃል፣ ስለዚህ ወረቀቶቻችሁ ላይ ያለውን ሌላ ስም ሁሉ ጻፉ። ቦታው ካነሰ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ገጽ አለ። የአክስቴ ልጅ የትምህርት ማስረጃዋ ላይ ያለውን ስም «ያው እኔው ነኝ» ብላ ትታው ኢንተርቪው ላይ ስትጠየቅ ደንግጣ መመለስ አቃታት፣ በኋላ ሁለቱም ስም የሷ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ፍለጋ ወራት ፈጀባት፣ በጣም ነው ያዘንኩላት። ስሙን መጻፍ ጥፋት አይደለም፣ የምትፈርሙት ግን ፎርሙ የያዘው ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ ስለሆነ አውቆ መደበቅ ነው የሚያስጠይቀው።

ኤፍ.ኬ.ኤ ካያችሁ የድሮ ስም ማለት ነው፣ ዲ.ቢ.ኤ ደግሞ የንግድ ስም።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ፣ ኢሊኖይ ውስጥ «አሊያስ ሰመንስ» የሚባል ወረቀት ቢመጣባችሁ ከስም ጋር አይገናኝም፣ የመጀመሪያው መጥሪያ ሳይደርሳችሁ ሲቀር በድጋሚ የወጣ መጥሪያ ነው፣ «ሌላ ስም የለኝም፣ የኔ አይደለም» ብላችሁ አትጣሉት፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን አይታችሁ ቶሎ ጠበቃ አናግሩ።