ለትልቅ ክለብ ተጠባባቂ አጥቂ እንዴት ይመረጣል? ከስሙ በፊት ደቂቃውን ቁጠሩ

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ባሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች ክርክሩ በስም ይጀምርና በስም ያልቃል። አንዱ አምና 20 ጎል ያገባውን ይጠራል፣ ሌላው «እሱማ ተወዷል» ይላል፣ ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አጠገቡ ላለው ያሳያል። ለቋሚ አጥቂ እንዲህ መከራከሩ ብዙም አይከፋም። ለተጠባባቂ አጥቂ ግን ስም መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ሰው አብዛኛውን ጨዋታ ወንበር ላይ ያሳልፋል፤ ሲገባ ደግሞ ክለቡ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነገር በ15 ደቂቃ ውስጥ እግሩ ላይ ይወድቃል። ቋሚውን የምንመርጥበት መለኪያ ለእሱ አይበቃም። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፤ የሰፈር ቡድን ለምታሠለጥኑም ከገንዘቡና ከምዝገባው በቀር እንዳለ ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ስንት ደቂቃ እንደሚተርፍ አስሉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። አንድ የእንግሊዝ ክለብ በሊጉ 38 ጨዋታ አለው። ሻምፒዮንስ ሊግ ከገባ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ በመጣው አዲስ አካሄድ የመጀመሪያው ዙር ብቻውን 8 ጨዋታ ነው። የጥሎ ማለፉንና የሁለቱን የአገር ውስጥ ዋንጫዎች ስትጨምሩ 55 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ይህ በ90 ሲባዛ 4,950 ደቂቃ ነው። ዋናው አጥቂ ጤነኛ ሆኖ ሦስት አራተኛውን ቢጫወት እንኳ 1,240 ደቂቃ ገደማ ይተርፋል፤ ወደ 14 ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው።

እነዚህ 14 ጨዋታዎች ግን ተሰልፈው አይመጡም። ገሚሱ በ10 እና በ20 ደቂቃ ተቆራርጦ ይመጣል። የቀረው ዋናው አጥቂ ሲጎዳ በአንድ ጊዜ የስድስት ሳምንት ሸክም ሆኖ ይወርዳል። የትኛው ክፍል እንደሚበዛ ለማወቅ የዋናውን አጥቂ የሦስት ዓመት የጉዳት ታሪክ ተመልከቱ። የጡንቻ ጉዳት የሚመላለስበት ከሆነ የምትፈልጉት ሳምንታትን የሚሸከም ሰው ነው። ከሜዳ የማይጠፋ ከሆነ ደግሞ ደቂቃዎችን የሚለውጥ።

ይህን ሒሳብ መዝለል ምን እንደሚያስከፍል የአርሰናል ደጋፊ አሳምሮ ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. ጥር አጥቂው ጋብሪኤል ጄሱስ በኤፍኤ ካፕ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። መስኮቱ አጥቂ ሳይገዛ ተዘጋ። የካቲት ላይ ሌላው አጥቂ ካይ ሀቨርትዝ ዱባይ ውስጥ ልምምድ ላይ ሳለ ጡንቻው ተጎዳ፤ ዘጠኝ ቁጥርነቱ (የዋና አጥቂነት ቦታው) ለአማካዩ ለሚኬል ሜሪኖ ተሰጠ። ሜሪኖ ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለቱንም ጎል አገባና 2 ለ 0 አሸነፉ። ልጁን አደንቀዋለሁ፤ ያልሠለጠነበትን ቦታ በክብር ተወጥቷል። ዋንጫ የሚመኝ ክለብ ግን አማካዩን አጥቂ ለማድረግ መገደድ አልነበረበትም። ያን ዓመት ሊጉን ሊቨርፑል ወሰደው።

ሁለተኛ፦ ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ብዙ ክለቦች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የዋናውን አጥቂ ቅጂ በርካሽ ይፈልጋሉ። ቅጂው ግን ሁልጊዜ ከዋናው ያንሳል፤ በ75ኛው ደቂቃ ሲገባ ተከላካዮቹ ያንኑ ሩጫ ቀስ ብሎ ሲመጣ ያዩታል፣ አይቸገሩም።

ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ወይ «ዋናው ሲጎዳ የቡድኑ አጨዋወት ሳይናጋ የሚያስቀጥል»፣ ወይ «ጎል ስናጣ ጨዋታውን የሚቀይር»። ለመጀመሪያው ዋናውን የሚመስል ሰው ይሻላል፤ አማካዮቹ ኳስ የሚያቀብሉበትን፣ ቡድኑ ከፊት ሆኖ ጫና የሚፈጥርበትን መንገድ መቀየር አያስፈልግም። ለሁለተኛው የሚሻለው ጨርሶ የማይመስለው ነው። ሁለቱንም በአንድ ሰው ያገኘ ክለብ እድለኛ ነው። ካልተገኘ ግን አንዱን ምረጡ፤ መሀል ላይ የቆመ ሰው ለሁለቱም አይሆንም።

ለሁለተኛው ዓይነት ከጆሴሉ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ካሪም ቤንዜማ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ሪያል ማድሪድ የእሱን አምሳያ ለመግዛት አልሮጠም። ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ከወረደው ከኤስፓኞል የ33 ዓመቱን ጆሴሉን በውሰት አመጣ። ቪኒሲየስና ሮድሪጎ ኳስ መሬት ላይ ይዘው በፍጥነት የሚያጠቁ ናቸው፤ ጆሴሉ ረጅም፣ ሳጥን ውስጥ የሚኖር፣ በቴስታ የሚያስቸግር ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት በሻምፒዮንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ ማድሪድ በሜዳው በባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 እየተመራ ጆሴሉ በ81ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ። በ88ኛው ቪኒሲየስ መታ፣ የባየርኑ በረኛ ማኑኤል ኖየር ኳሷን መያዝ አቅቶት ለቀቃት፣ ጆሴሉ አገባት። ጎሉ በቅርብ ርቀት የተገባ ቀላል ጎል ይመስላል፤ ቀረጻውን መልሳችሁ እዩት። ቪኒሲየስ ለመምታት ሲዘጋጅ ጆሴሉ ኳሷ ልትመለስ ወደምትችልበት ቦታ መሄድ ጀምሯል፣ ተከላካዮቹ ደግሞ መቺውን ነው የሚያዩት። በጭማሪው ሰዓት ተከላካዩ ሩዲገር ያሻገረለትን ጨረሰና ማድሪድ ለፍጻሜ አለፈ።

ሦስተኛ፦ ጎሉን ሳይሆን ጎሉ የወሰደውን ደቂቃ አወዳድሩ

እንበል አንደኛው እጩ በ2,700 ደቂቃ 9 ጎል አለው፤ አራቱ በፍጹም ቅጣት ምት የገቡ ናቸው። ተጠባባቂ አጥቂ እናንተ ጋ ሲመጣ ፍጹም ቅጣት ምት የመምታት ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ አራቱን ቀንሱ። 5 ጎል ቀረ፤ በየ540 ደቂቃው አንድ ማለት ነው። ሁለተኛው በ900 ደቂቃ 6 ጎል አለው፣ ፍጹም ቅጣት ምት የለበትም። በየ150 ደቂቃው አንድ። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚጠራው ባለ 9 ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀድመው ባለ 6።

እዚህም አትቸኩሉ። 900 ደቂቃ ትንሽ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ በአንድ ደካማ ቡድን ላይ የገቡ ሐትሪክ ከሆኑ ቁጥሩ ያታልላል። የሁለት ዓመቱን ደምሩ፣ ከዚያም ተቀይሮ ገብቶ ያገባቸውን ለብቻ አውጡ። በቋሚነት እየጀመረ ብቻ የሚያገባ አጥቂ ሞልቷል። ያ ጥሩ አጥቂ ነው፣ ለዚህ ቦታ ግን ገና አልተፈተነም።

አራተኛ፦ ሙሉ ጨዋታ እዩ፣ ከወንበሩ ጀምሮ

ጊዜያችሁን አብዝታችሁ የምታጠፉት እዚህ ይሁን። የጎል ቪዲዮ የሚያሳየው የተሳካውን ብቻ ነው። ለተጠባባቂ አጥቂ ወሳኙ ካሜራው አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገኘው ነገር ነው።

ወንበር ላይ ሳለ ምን ያደርጋል? የማንቸስተር ዩናይትዱ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ተቀምጦ የተጋጣሚን ተከላካዮች ያጠና እንደነበር በሰፊው ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አራት ጎል ያገባው፣ በዚያው ዓመት በባርሴሎና ከተማ በተካሄደው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በ81ኛው ደቂቃ ገብቶ በጭማሪ ሰዓት ዋንጫውን ያመጣው ይህ ሰው ነው። ለክለቡ ካገባቸው 126 ጎሎች 28ቱ ተቀይሮ ገብቶ ያገባቸው ናቸው። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም፤ ሜዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጨዋታው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ብቻ ለይታችሁ እዩ። የመጀመሪያ ሩጫው ወዴት ነው? ኳስ ለመለመን ወደ መሀል የሚመጣ አለ። የደከመውን ተከላካይ መርጦ አጠገቡ የሚቆምም አለ፤ የምትፈልጉት ይህን ነው። ኳስ በሌላኛው መስመር ሲሆን ከተከላካዩ ዓይን ጀርባ ይቆማል ወይስ ፊት ለፊቱ? የመጀመሪያውን ዕድል ሲስት ምን ያደርጋል? ተጠባባቂ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ስለሚችል ስቶ ራሱን ይዞ መሬት የሚያይ አጥቂ ቀጣዩ ኳስ ሲመጣ አይደርስም።

ይህን መለማመድ ለምትፈልጉ ለቡም ሆነ ኮዬ አትራቁ። ጠዋት ላይ በኮንዶሚኒየሞቹ ዙሪያ ባሉት አቧራማ ሜዳዎች የሚደረጉት ጨዋታዎች በቂ ናቸው፤ ካሜራ ስለሌለ ዓይናችሁን የፈለጋችሁት ሰው ላይ መትከል ትችላላችሁ። ቱታውን እንደለበሰ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ቆይቶ ሲጠራ ዘሎ የሚገባ ልጅ አለ። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ሳይሟሟቅ ገብቶ ሁለት ጊዜ በኃይል ከሮጠ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፣ አሠልጣኙም ቅያሪውን አባከነ። ሌላው ከዕረፍት በኋላ ማንም ሳያዘው ከመስመሩ ውጪ ላብ እስኪያወጣው ይንቀሳቀሳል፤ ሊገባ ሲል አሠልጣኙን «አምስት ቁጥሩ ቢጫ አለው አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ እኩል ቴክኒክ ቢኖራቸው የቱን እንደምትመርጡ አትጠራጠሩም።

አምስተኛ፦ ቦታውን ይቀበለው እንደሆነ ጠይቁ

በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ሁለት ዕድሜ ይስማማል፤ ከ21 በታች ሆኖ እየተማረ ያለ፣ ወይም 30 አካባቢ ደርሶ ማንነቱን ያወቀ። 24ና 25 ላይ ያለ ጥሩ አጥቂ በየሳምንቱ መጫወት ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። ወንበር ላይ አስቀምጣችሁት ታኅሣሥ ሲደርስ ወኪሉ ይደውላል።

ዲቮክ ኦሪጊ ከዚህ ግምት የወጣ ነው። ሊቨርፑል ውስጥ ዓመታት ወንበር ላይ አሳልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳላህና ፊርሚኖ በሌሉበት ባርሴሎናን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለት አገባ፤ በፍጻሜው ደግሞ ተቀይሮ ገብቶ በ87ኛው ደቂቃ ቶተንሃም ላይ ደገመ። ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለ ጠባይ ብርቅ ነው። ለዚህ ነው ከመፈረሙ በፊት «ስንት ደቂቃ ትጫወታለህ» የሚለው በቁጥር ሊነገረው የሚገባው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ያሰላችሁት 1,240 እዚህ ይጠቅማል። «ዕድልህን ታገኛለህ» ማለት ሰውየውንም ክለቡንም ይጎዳል።

ስድስተኛ፦ ወረቀቱን አጣሩ

ይህ አጭር ነው፤ ካልታየ ግን ሁሉንም ያፈርሳል። ፕሪሚየር ሊጉ የሚያስመዘግበው 25 ተጫዋች ሲሆን እዚያው አገር በክለብ ሥር ያላደጉት ከ17 መብለጥ አይችሉም፤ ከ21 ዓመት በታች ያሉት አይቆጠሩም። ከሌላ የሊጉ ክለብ በውሰት የመጣ ተጫዋች በባለቤት ክለቡ ላይ አይሰለፍም። ዋናው አጥቂም ተጠባባቂውም አፍሪካውያን ከሆኑ የአፍሪካ ዋንጫ መቼ እንደሆነ እዩ፤ የሞሮኮው ከዲሴምበር 21 ቀን 2025 እስከ ጃንዋሪ 18 ቀን 2026 ነበር፣ ማለትም ሊጉ በጣም በሚጨናነቅበት ወቅት። ሁለቱ አብረው ከሄዱ ተጠባባቂ የላችሁም።

ውሰት ለዚህ ቦታ ደህና መንገድ ነው፣ ሥራው በግልጽ ከተጻፈ። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ዎውት ዌግሆርስትን በውሰት ሲያመጣ ሰውየው ሳይታክት ሮጦ ተጋጣሚን አስጨንቋል፤ በ17 የሊግ ጨዋታዎች ግን አንድም ጎል አላገባም። እንደ ተጠባባቂ የመጣ ሰው ዋና አጥቂ ሆኖ እንዲሰለፍ ሲደረግ በእሱ ብቻ መፍረድ ይከብዳል።

ሰባተኛ፦ ሦስት ስም፣ አንድ የዋጋ ጣሪያ

አሁን ስም መጥራት ይቻላል። ሦስት ስም በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የመጨረሻውን ዋጋ አስቀምጡ፣ በመስኮቱ የመጨረሻ ቀን አትለውጡት። ይህን መጀመር ያለባችሁ ዋናው አጥቂ ገና በደህና ቀኑ ሳለ ነው። በእኛ ሊግ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ሲያገባ ወደ ውጭ መሄዱ እንደማይቀር ሜዳ የገባ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ያለው ክለብ ከኋላው የሚቀመጠውን ልጅ የሚያዘጋጀው በዚያው በ29 ጎሉ ዓመት ነው፤ ቡድኑ 3 ለ 0 ሲመራ 20 ደቂቃ እየሰጠ።

ከሦስቱ አንዱም በጣሪያው ካልተገኘ ከወጣት ቡድኑ አንዱን አሳድጉና እስከ ጥር ቢያንስ 300 ደቂቃ ስጡት። ጥር ላይ ደቂቃውንና ጎሉን ይዛችሁ ከሦስተኛው ደረጃ እንደገና ጀምሩ።